ሌሊት የሚገነፍለው ስኪመር

ጥያቄው ከሻርጃ ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ የባለቤቴ አሠሪ አገር ሲለቅ የኮራል ገንዳውን ለእኛ ትቶልን ሄደ። 120 በ50 በ50 ሳንቲሜትር ነው፤ ከሥሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰምፕ (የገንዳው ውሃ ወርዶ በፓምፕ የሚመለስበት ሁለተኛ ገንዳ) አለው። ስምንት ዓሣና ለስላሳ ኮራሎች አሉን፤ በቀን ሁለት ጊዜ እመግባለሁ። ስኪመሩ (የውሃውን ቆሻሻ በአረፋ የሚገፍፈው ዕቃ) ከመመለሻው ፓምፕ ጎን ነው የተቀመጠው። አንዳንድ ቀን ምንም አረፋ አያወጣም። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ገንፍሎ ምንጣፉን አርሶት እናድራለን፣ በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ ስቀይርና ስሞላ። ሱቅ ብጠይቅ አርጅቷል ጣይው አሉኝ። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ እስከ 1000 ሊትር ይችላል የተባለ ያገለገለ ስኪመር በርካሽ አግኝቶ ሊልክልኝ ነው። ልቀበለው? ደግሞስ ይሄ ነገር በየስንት ጊዜው ነው የሚጸዳው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ለወንድምሽ ደውዪና «ትንሽ ቆይ» በዪው። አሮጌውንም አትጣይው። የመልሱ ግማሽ እዚያው ጥያቄሽ ውስጥ አለ። «ከመመለሻው ፓምፕ ጎን» ብለሽ እንደዋዛ ያለፍሻት ነገር ናት ምንጣፍሽን የምታርሰው። እንዴት እንደሆነ እንዲገባሽ ግን ዕቃው ምን እንደሚሠራ ትንሽ ላውራ፣ ታገሺኝ።

ሥጋ ስትቀቅዪ መጀመሪያ ላይ ግራጫ አረፋ ይንሳፈፋል አይደል? በጭልፋ ገፈፍ ታደርጊና ትደፊዋለሽ። ስኪመርም ሥራው መግፈፍ ነው። እሳት ስለሌለው አረፋውን የሚያስነሳው በአየር ነው። ፓምፑ የቤቱን አየር በቀጭን ቱቦ ይስባል፤ ኢምፔለሩ (የፓምፑ ተሽከርካሪ ክፍል) ላይ የተተከሉት እንደ መርፌ የቀጠኑ ጥርሶች አየሩን ይፈጩትና እንደ ነጭ ጉም አድርገው ወደ ሲሊንደሩ ይልኩታል። ከዓሣ ኩስ፣ ከተረፈ ምግብ፣ ከኮራል ልጋግ ወደ ውሃው የሚሟሟው ቆሻሻ ብዙው አንድ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ውሃ ይሸሻል። የሚሸሸው ጫፍ አየር ሲያገኝ እሱ ላይ ይለጠፋል። አረፋው ያንን ተሸክሞ በአንገቱ ሽቅብ ይወጣና ኩባያው ውስጥ ይወድቃል። እዚያ የሚጠራቀመው መልኩ የጠላ አተላ ነው፣ ሽታው ግን... ስታጥቢው ታውቂዋለሽ።

ጥቅሙ ቆሻሻው በስብሶ አሞኒያ፣ ከዚያም ናይትሬት ከመሆኑ በፊት ከውሃው መውጣቱ ነው። አንዴ ናይትሬት ከሆነ በኋላ ግን ስኪመር አያወጣውም። ይህን ብዙ ሰው ይስተዋል። ናይትሬቱ በሊትር 50 ሚሊግራም የደረሰ ሰው ትልቅ ስኪመር ገዝቶ በሳምንቱ ለምን አልወረደም ብሎ ይደውልልኛል። እሱን የሚያወርደው ውሃ መቀየር ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኬን ፌልድማን የሚባሉ የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የተለያዩ ስኪመሮችን ወስደው ለክተው ነበር። ዕቃዎቹ ውሃው ውስጥ ካለው ኦርጋኒክ ካርቦን ያወጡት ከ20 እስከ 35 በመቶ ገደማ ነው። በሞከሯቸው ዓይነቶች መካከልም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ስለዚህ ሻጭ ተአምር ሲያወራልሽ ፈገግ ብለሽ እለፊው።

አሁን ወደ ምንጣፍሽ።

ሰምፕሽ እንደ አብዛኛው ሰምፕ በመስታወት የተከፋፈለ ሦስት ክፍል ይኖረዋል ብዬ ልገምት። መጀመሪያ ውሃው ከላይ የሚወርድበት፣ ከዚያ መካከለኛው፣ መጨረሻ ላይ ውሃውን ወደ ገንዳው የሚመልሰው ፓምፕ ያለበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ውሃ መስታወቱ ይገድበዋል፣ ቁመቱ ንቅንቅ አይልም። የሚተነው ውሃ ሁሉ የሚጎድለው ከመጨረሻው ክፍል ነው። እናንተ አገር ደግሞ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣው) ሌት ተቀን ይሠራል፣ የቤቱ አየር ደረቅ ነው፣ ውሃው ቶሎ ይተናል። ክፍሉ 30 በ40 ሳንቲሜትር ቢሆንና በቀን 4 ሊትር ቢተን፣ ውሃው በአንድ ቀን ከ3 ሳንቲሜትር በላይ ይወርዳል ማለት ነው። ስኪመር ደግሞ የ1 ሳንቲሜትር ልዩነት እንኳ ይሰማዋል!

ውሃው ሲጎድል ስኪመሩ ውስጥ ያለውም አብሮ ይወርዳል፣ አረፋው አንገቱ ጋ ሳይደርስ ይሞታል። ያ «ምንም አያወጣም» ያልሽው ቀን ነው። ቅዳሜ ባልዲ ይዘሽ መጥተሽ ስትሞዪው ደግሞ ስኪመሩ በአንዴ ይሰጥማል፣ ማታ ይገነፍላል። ዕቃው ምንም አልሆነም፣ ያለቦታው ተቀምጦ ነው።

ሌላም የምጠረጥረው አለ። የምትሞዪው ውሃ የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑን ለማጥፋት ኮንዲሽነር ታደርጊበት ይሆናል። ኮንዲሽነር ስኪመርን ያሳብደዋል። ለአንድ ሁለት ቀን ነጭ ውሃማ አረፋ ያለማቋረጥ ያስወጣዋል። ለኮራል ገንዳ የሚሆነው አርኦ በሚባለው ማጣሪያ የተጣራ ውሃ ነው፤ ያኔ ኮንዲሽነሩም አያስፈልግሽም። ኮራል የሚለጠፍበት ሊጥ የመሰለ ማጣበቂያም፣ ገንዳው ውስጥ የሚያድገውን ቀይ አተላ የሚያጠፋው መድኃኒትም እንዲሁ ያስገነፍላሉ። እነዚህን በተጠቀምሽ ቀን የኩባያውን የፍሳሽ ቀዳዳ ክፈቺና የሚገነፍለው ተመልሶ ሰምፑ ውስጥ እንዲወርድ ተዪው። ተቃራኒውን የሚያደርገው ቅባት ነው። ሎሽን የተቀባ እጅ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ወይም ቅባት የበዛበት ምግብ ስትሰጪ አረፋው ለሰዓታት ድርግም ይላል። አትደንግጪ፣ ይመለሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምታደርጊው ስኪመሩን ወደ መካከለኛው ክፍል ማዛወር ነው። አብዛኞቹ ሰምፕ ውስጥ የሚቀመጡ ስኪመሮች ከ18 እስከ 23 ሳንቲሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ መቆም ይፈልጋሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር መመሪያው ላይ አለ። መመሪያው ከጠፋ ከ20 ጀምሪ። ውሃው ከጠለቀ ከሥሩ ከፍ የሚያደርገው ነገር አስገቢ፣ የአክሪሊክ ቁራጭም ሆነ ፕላስቲክ ፍርግርግ ይሆናል፣ ብረት ብቻ አይሁን። ከዚያ የስኪመሩን የውሃ መውጫ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ክፈቺና በጣም በትንሹ እየዘጋሽ ነጩ ጉም ሲሊንደሩና አንገቱ የሚገናኙበት ጋ ሲደርስ አቁሚ። ቀኑን ሙሉ አትነካኪው። እውነቴን ነው፣ አብዛኛው ሰው ስኪመሩን የሚያበላሸው በመነካካት ነው፤ ጠዋት ዘግቶ፣ ማታ ከፍቶ፣ በማግስቱ «አይሠራም» ይላል።

ሁለተኛ፣ የሚተነውን ውሃ በራሱ የሚተካ መሣሪያ ግዢ። ኤቲኦ ይሉታል። ውሃው ሲጎድል የሚያውቅ ትንሽ ተንሳፋፊ ማብሪያና ንጹሕ ውሃ ያለበት ጄሪካን ውስጥ የሚገባ ትንሽ ፓምፕ ነው። ከአዲስ ስኪመር በፊት እሱ ይቅደም። ጄሪካኑ ውስጥ የሚገባው ጨው የሌለው ውሃ መሆኑን እንዳትረሺ፤ የሚተነው ውሃው ነው፣ ጨው አይተንም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ሁለት ሳምንት ጠብቂና እዪው። ልክ ከሆነ ገንዘብሽ ኪስሽ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ግን እኔን ከጠየቅሽኝ፣ አሮጌው ትንሽ ከሆነ በስምንት ዓሣ ውሎ አድሮ መቀየርሽ አይቀርም። እንግዲህ ስለ ምርጫው።

ካርቶኑ ላይ «እስከ 1000 ሊትር» የሚለውን ቁጥር ፋብሪካው የሚጽፈው ጥቂት ዓሣ ላለበት ገንዳ ነው። ስኪመር የሚመረጠው በሊትር ሳይሆን በምታበዪው ምግብ ነው። የአንቺ ገንዳ 300 ሊትር ነው፤ የሌላ ሰውም 300 ሊትር ሊሆን ይችላል፣ ግን እሱ ሁለት ክላውንፊሽ ብቻ ይዞ ቀን አሳልፎ ትንሽ ቆንጥሮ ይሰጣል። አንቺ ስምንት ዓሣ በቀን ሁለት ጊዜ ትመግቢያለሽ። ለሁለታችሁ አንድ ዕቃ አይገዛም። አንዳንዱ ፋብሪካ ሦስት ቁጥር ይጽፋል፣ ለጥቂት፣ ለመካከለኛና ለብዙ ዓሣ። የመጨረሻውን ውሰጂ። አንድ ቁጥር ብቻ ካለ የገንዳሽን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቢበዛ ሁለት እጥፍ የሚለውን ፈልጊ። ለአንቺ ከ450 እስከ 600 ሊትር የተጻፈበት ይበቃል።

«ትልቅ ምን ይጎዳል?» ትይኝ ይሆናል። አንድ ሲኒ ወተት በሠርግ ድስት ልታፈዪ ሞክረሽ ታውቂያለሽ? ያ ነው። አንገቱ ሰፊ ሲሆን አረፋው ተደጋግፎ የሚቆመው በቂ ቆሻሻ ሲኖር ነው። ከሌለ ግማሽ መንገድ ይወጣና ይከስማል፤ ቆሻሻው እስኪጠራቀም ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቅና በአንድ ሌሊት ይገነፍላል። አሁን ያማረረሽ ነገር በባሰ መልኩ ይመለሳል ማለት ነው።

የወንድምሽ ዕቃ ሌላም ችግር አለበት፤ መብራቱ። አሜሪካ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ ኤምሬቶች ከ220 እስከ 240 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንስልሻል፣ ኸርዙን (መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) ግን አይነካውም። በቀጥታ ከግድግዳው መብራት የሚሠራው ተራ ፓምፕ (እሱንም ኤሲ ይሉታል፣ ከማቀዝቀዣው ጋር አይምታታብሽ) ደግሞ የሚሽከረከረው በኸርዙ ልክ ነው። በ60 ኸርዝ በደቂቃ 3600 ጊዜ የሚዞረው በ50 ኸርዝ 3000 ይሆናል። የሚስበው አየር ይቀንሳል፣ ፓምፑም ይሞቃል። ለአየር ተብሎ በተሠራ ዕቃ ላይ አየር መቀነስ ምን ትርጉም አለው? ፓምፑ ዲሲ ከሆነ ግን ነገሩ ይቀላል፤ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ያለ አዳፕተር አለው፣ አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ከተጻፈ እናንተም ጋ ይሠራል። የዲሲው ፓምፕ ፍጥነቱም ስለሚቀነስና ስለሚጨመር ለጀማሪ ይመቻል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ወንድምሽ አዳፕተሩን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። ዲሲ ቢሆን እንኳ 1000 ሊትሩ ይበዛብሻል ነው የምለው። መላክ ካማረው ያንን ትቶ ጥሩ የጨዋማነት መለኪያ ይላክልሽ፣ እሱ መብራት አይፈልግም።

ያገለገለ የምትገዢ ከሆነ ኢምፔለሩን አውጥተሽ መሐሉ ያለውን የሴራሚክ ዘንግ እዪ፤ ቀጭን ነች፣ ቶሎ ትሰበራለች። የሲሊንደሩ መገጣጠሚያዎች ላይ ስንጥቅ እንዳይኖር፣ መለዋወጫውም አገሩ ውስጥ መገኘቱን ጠይቂ። መለዋወጫ የሌለው ውድ ስኪመር፣ መለዋወጫው በየሱቁ ከሞላ ርካሽ ስኪመር ያንሳል።

ቁመቱን ደግሞ ለኪ። ይሄን የምልሽ ተቃጥዬ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ሥራዬ የሰው የዓሣ ገንዳ መንከባከብ ነው፤ የጥርስ ሕክምና ቢሮ፣ ምግብ ቤት፣ የሰው ሳሎን። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ቢሮ ስኪመር ገዝቼ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ልክክ አለልኝ፣ ከላዩ ሁለት ጣት ብቻ ቀረ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በሳምንቱ ላጸዳ ስመጣ ኩባያውን ወደ ላይ መዝዤ የማወጣበት ቦታ የለም። አጋድሜ ላውጣው ብዬ የሳምንቱን አተላ በሙሉ ነጭ ምንጣፍ ላይ ደፋሁት። እንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ፣ ታካሚዎች ተቀምጠው እያዩ። ደንበኛዬም በዚያው ቀረ። ኩባያው ወደ ላይ ተነስቶ የሚወጣበት ቢያንስ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ክፍት ቦታ ከላይ ይኑርሽ።

አዲስ ስኪመር ሲገባ ከሦስት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ያመዋል። ፕላስቲኩ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ቅባት አለ፤ ደግሞም ግድግዳው ቀጭን ልጋግ እስኪለብስ አረፋው አይረጋም። ከመግጠምሽ በፊት አቼቶ በተቀላቀለበት ሙቅ ውሃ አጥበሽ ብታለቀልቂው ጊዜው ያጥራል። ሳሙና እንዳይነካው። ሳሙና ጨርሶ!

ሥራ ከጀመረ በኋላ ሁለት ዓይነት አገፋፈፍ አለ። አንገቱ ውስጥ አረፋውን ዝቅ አድርገሽ ካቆምሽው ወፍራም፣ እንደ ጀበና ቡና የጠቆረ ትንሽ ነገር ይወጣል። ከፍ ካደረግሽው እንደ ቀጭን ሻይ የነጣ ብዙ ነገር ይወጣል። የነጣው ቶሎ ቶሎ ቆሻሻ ያወጣል፣ ግን ጨውሽንም ይዞ ይሄዳል። በቀን 1 ሊትር ቢያወጣና ኤቲኦው በንጹሕ ውሃ ቢተካው፣ በሳምንት 245 ግራም ጨው ተደፋ ማለት ነው፤ 300 ሊትር ውስጥ ጨዋማነቱ በሊትር ከ35 ግራም ወደ 34 ይጠጋል። በወሩ ኮራሉ ይጨማደድና ምን ነካው ትያለሽ። እኔ ለስላሳ ኮራል ባለበት ገንዳ መሐሉን ነው የምመርጠው፣ የጠቆረ ሻይ የሚመስለውን።

ማጽዳቱን በተመለከተ፣ ኩባያው ሞላ አልሞላ አንገቱን በየሦስት አራት ቀኑ ጥረጊው። ዋናው እሱ ነው። አንገቱ ውስጥ የሚለጠፈው ቡናማ ቅባት አረፋውን ይሰብረዋል፤ ቆሻሻ አንገት ያለው ስኪመር ጎበዝ ቢሆንም ምንም አያወጣም። በውሃና በቲሹ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሽታውን የማትችዪ ከሆነ በረንዳ ላይ አድርጊው፣ የወጥ ቤት ማጠቢያ ውስጥ ግን አታድርጊው፤ ባለቤቴ ይህን ያስተማረችኝ በጩኸት ነው።

በወር አንዴ የአየር ቱቦውን እዪ። ቱቦው ፓምፑን የሚገናኝበት ጠባብ ቀዳዳ ላይ ጨው ይጋገራል፣ አየሩን ይዘጋዋል። የጉሙ ንጣት ቀንሶ የአረፋው ፍሬ ተለቅ ተለቅ ካለ መጀመሪያ እዚህ ነው የምትፈልጊው። ቱቦውን ነቅለሽ ጫፉን ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ክተቺው፣ ፓምፑ ራሱ ስቦ ጨውን ያሟሟዋል።

በየሦስት ወይም አራት ወሩ ፓምፑን ፍቺ። ከመሰኪያው ንቀዪ፣ ኢምፔለሩን አውጪ፣ እኩል አቼቶና እኩል ውሃ አድርገሽ ለጥቂት ሰዓት ንከሪው። ሲትሪክ አሲድም ይሆናል፣ ሽታ የለውም። የተጋገረው ኖራ እየተፍለቀለቀ ይለቅቃል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገሽ በደንብ አለቅልቂ። ቀንድ አውጣ የሚመስሉ ትንንሽ ፍጥረቶችም ውስጡ ገብተው ታገኛለሽ፣ እነሱን መልሺያቸው፣ ጎጂ አይደሉም። ካጸዳሽ በኋላ አረፋው ለግማሽ ቀን ይጠፋል። ያው የለመድነው ነው፣ ቫልቩን አትንኪ።

ስለ መብራት መጥፋትም ልበል። እናንተ ጋ ብዙ አይጠፋም፣ ግን ለምግብ ሰዓት ፓምፑን የምታጠፊ ከሆነ ያው ነው። ከላይ ያለው ውሃ ወደ ሰምፑ ይወርዳል፣ ስኪመሩ ይሰጥማል፤ ሁሉም በአንዴ ሲበራ ይገነፍላል። መመለሻው ፓምፕ ከበራ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስኪመሩን አብሪ።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። ስኪመር የሚስበው የቤታችሁን አየር ነው። ኤሲ ስለሚበራ መስኮት ተዘግቶ ይውላል፣ ሰው የሚተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ ስኪመሩ እሱን ወደ ውሃው ይነፋል፤ ፒኤቹ (የውሃው አሲዳማነት የሚለካበት ቁጥር) ከ8.2 ወደ 7.8 ይወርዳል። በእኔ ቤት እሑድ እሑድ ከሰዓት ለምን እንደሚወርድ ብዙ ጊዜ ግራ ገብቶኝ ነበር። ለካ ቡናው ነው። ከሰሉ ከገንዳው ሦስት ሜትር ላይ ይቀጣጠላል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ እንግዳው ይሞላል፣ ስኪመሩም አብሮን ሦስተኛውን ይጠጣል። አሁን የአየር ቱቦውን አስረዝሜ በመስኮቱ ጠርዝ ወደ ውጭ አውጥቼዋለሁ። ሻርጃ በበጋ የውጭው አየር እሳት ስለሆነ ለአንቺ የሚሻለው የአየር ቱቦው ጫፍ ላይ የሚገጠም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጥ ጠጠር ያለበት ዕቃ ነው። ግን መጀመሪያ ለክተሽ ፒኤቹ ዝቅ ካለ ብቻ። ዝም ብለሽ አትግዢ፣ ጠጠሩ ያልቃል፣ ወጪ ነው።

በይ አሁን ሜትር ይዘሽ ሂጂ። የመካከለኛውን ክፍል ርዝመትና ስፋት፣ የውሃውን ጥልቀት፣ ከሰምፑ ወለል እስከ ቁም ሳጥኑ ጣራ ያለውን ቁመት ለክተሽ ጻፊልኝ። የአሮጌውን ስኪመር ፓምፕ ጽሑፍም ፎቶ አንሺው። ናይትሬትሽ ስንት እንደሆነም ጨምሪበት፤ ከ5 በታች ከሆነ አዲስ ስኪመር የሚባል ወሬ ጭራሽ አናነሳም።